ቦብ ልትቆረጪ ነው? ለደሴና ለኮምቦልቻ አየር የትኛው ይሻላል

ባለፈው ክረምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ ፀጉር ቤት ወጣሁ። ፀጉሬ አገጬ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ቦብ የሚባለው አጭር ቁርጥ ነው። ፎን ተደርጓል፣ በፔስትራ ተተኩሷል። ስራመድ ይወዛወዛል። ደስታዬን አትጠይቂኝ።

ከዚያ ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ወረደ። ካፊያ ጀመረ። ባጃጅ እስካገኝ ሩብ ሰዓት ቢሆነኝ ነው። ቤት ደርሼ መስታወት ሳይ ያቺ የተቆረጥኳት ቦብ የለችም። ሥሩ ተነሥቷል፣ ጫፉ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ጎንና ጎኑ ተነፍቶ ሦስት ማዕዘን ሠርቷል። እናቴ በር ላይ አየችኝና ደንግጣ፣ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

አይፈረድባትም። በእኛ አገር ሴት ድንገት ፀጉሯን ካሳጠረች ሐዘን ገብቷታል ማለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ «ቦብ ይሄድልኛል?» እያሉ ይጠይቁኛል። የፊትሽን ቅርጽ አይቼ መልስ የምሰጥ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ፀጉርሽ ሳይተኮስ ምን ይመስላል? የምትውይው ደሴ ነው ኮምቦልቻ? በሳምንት ስንት ሰዓት አለሽ? ቦብ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ቢያንስ ስድስት አማራጭ አለሽ፤ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው።

ቦብ ለምን ተፈጠረ?

ታሪኩን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ለምርጫሽ ይጠቅምሻል።

እ.ኤ.አ. በ1909 ፓሪስ ውስጥ አንቷን የሚባል ፖላንዳዊ ፀጉር ሠሪ ነበር። ሙሉ ስሙ አንቶኒ ቼርፕሊኮቭስኪ ነው። ጦር ሜዳ የዋለችውን የፈረንሳይ ጀግና ዣን ዳርክን አስቦ የሴቶችን ፀጉር አሳጥሮ መቁረጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1915 አካባቢ ደግሞ አይሪን ካስል የተባለች ዝነኛ ተወዛዋዥ አሜሪካ ውስጥ ፀጉሯን አሳጠረችና ብዙዎች ተከተሏት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሴቶችን ወደ ፋብሪካ አስገብቶ ነበር። ወገብ የደረሰ ፀጉር እየጎነጎኑ ማሽን ላይ መቆም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቦብ ዓለምን አዳረሰ። ግንባሯ ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ጥቁር ፀጉር የነበራት ተዋናይት ሉዊዝ ብሩክስ እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን ምልክት ናት።

በጊዜው ብዙ የሴት ፀጉር ሠሪዎች የሚያውቁት ረጅም ፀጉር ማስዋብ ነበር። ማሳጠሩን አያውቁበትም፣ አንዳንዶቹም እምቢ ይላሉ። ስለዚህ ሴቶቹ የወንዶች ፀጉር ቤት ሄደው ተሰለፉ። ይህን ሳነብ ሸዋ በር አካባቢ የማውቃት ልጅ ትዝ አለችኝ። ክርክም የምትደረገው ወንድሟ ከሚስተካከልበት ቤት ነው። «እዚያ አይሳሳቱም» ትላለች።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለንደን ላይ ነው። እስከዚያ ሴቶቹ በየሳምንቱ ቢጎዲን ተጠቅልለው ካስክ ሥር ይቀመጡ ነበር። ቪዳል ሳሱን የተባለው ፀጉር ሠሪ ይህን ጠላ። እ.ኤ.አ. በ1963 ተዋናይት ናንሲ ክዋንን ቦብ ቆረጣት፤ ፎቶዋም ዓለምን ዞረ። የሳሱን ሐሳብ ቀላል ነው። ቁርጡ ልክ ከሆነ ፀጉሩ ታጥቦና ተራግፎ በራሱ ቦታውን ይይዛል። ቢጎዲን የለም፣ ካስክ የለም።

እንግዲህ ቦብ የመጣው ሴቷን ከሥራ ሊገላግላት ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ፀጉሬን አሳጥሬ ሥራዬን እጥፍ አደረግሁት። የሳሱን ቁርጥ በራሱ ቦታውን የያዘው ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ስለሆነ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ላይ ያንኑ ቅርጽ ላምጣ ካልሽ በየሳምንቱ እዚያው ካስክ ሥር ትመለሻለሽ።

አጭር ፀጉር ለእኛም አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ልጃገረድ ሳሉ ሳዱላ ነበሩ፤ መሀል አናታቸው ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ተማሪዎቹ ሚዶ ኪሳቸው ከተው አፍሮ ያበጥሩ ነበር። ያኔ ፀጉሩ በተፈጥሮው ቅርጽ ይሠራ ነበር። ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከመምረጥሽ በፊት

አምስት ነገር አስቢ።

የመጀመሪያው የፀጉርሽ ዓይነት ነው። ታጥቦ ምንም ሳይቀባ በራሱ ሲደርቅ እዪው። ዞማ ነው፣ ጥቅልል ነው ወይስ ከርዳዳ? ችምችም ያለ ነው ወይስ ስስ? ከርዳዳ ፀጉር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሳብ ትከሻ የሚደርሰው ሲለቀቅ ጆሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ብርድ፣ ጉም፣ ካፊያ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደሽ ወደ 1,850 ሜትር ናት፤ ሙቀትና ላብ። በአንድ ቀን ሁለቱን የምታዳርስ ሴት ብዙ ናት።

ፎንና ፔስትራ ፀጉርን የሚያቀኑት ለጊዜው ነው። ሙቀቱ በፀጉሩ ውስጥ ያሉትን ደካማ ትስስሮች ይፈታል፤ ፀጉሩ ቀጥ እንዳለ ሲበርድ በዚያው ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። ውሃ ሲያገኛቸው እንደገና ይፈታሉ። ጉም ማለት ውሃ ነው። ላብም ያው ነው።

ሦስተኛው መሸፈኛሽ ነው፤ ሂጃብ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ። የውጭ መጽሔት ይህን አይነግርሽም። አገጭ ላይ የቆመ ቦብ አይታሰርም። ከሂጃብ ሥር በማጅራትና በጆሮ ግንድ በኩል ይሾልካል፣ ቀኑን ሙሉ ስትመልሺው ትውያለሽ። ስለዚህ ወይ ለመታሰር እስኪበቃ ይርዘም፣ ወይ ለመሹለክ እስከማይደርስ ይጠር።

አራተኛው ወጪው ነው። የቁርጡን ዋጋ ብቻ አትዪ። በዓመት ስንት ጊዜ ፀጉር ቤት እንደምትሄጂ ቁጠሪና በሰፈርሽ ዋጋ አባዢው።

አምስተኛው መመለሻው ነው። ፀጉር በወር በአማካይ 1.25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከአገጭ ትከሻ ለመድረስ ስምንት አሥር ወር ይፈጃል። ከክርክም ከሆነ ዓመት ተኩል አልፎም ይሄዳል።

የፊት ቅርጽ የት ሄደ ትይኝ ይሆናል። ቦቡ ያለቀበት ቦታ ዓይን ይስባል። ክብ ፊት ካለሽ ከአገጭ ዝቅ ይበል። ረዘም ያለ ፊት ካለሽ ግንባር ላይ የሚወርድ ፀጉር ያሳጥረዋል። ከዚህ በላይ አትጨነቂበት።

አማራጮቹ

*በሙቀት የቀና ክላሲክ ቦብ*

በፎቶ የምናየው ይህ ነው። ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ፀጉርሽ በተፈጥሮው ዞማ ወይም ለስላሳ ከሆነ ያለ ብዙ ልፋት ይመጣልሻል፤ አታመንቺ። ከርዳዳ ከሆነ ግን በሳምንት አንዴ ፎን ማለት በዓመት 52 ጊዜ ነው። ጫፉም በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይስተካከላል። ቀጥ ያለ ቁርጥ ስሕተት አይደብቅም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲዛነፍ ከሩቅ ይታያል።

እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ አታስነኪ። ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ከውስጥ ይቀደዋል። «ችስስ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ የሠራተኛዋን እጅ ያዢ። ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ ከ180 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል። ደሴ ክረምት ላይ ይህን ቦብ አልመክርም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ግን ያምራል።

*በሪላክሰር የቀና ቦብ*

ሪላክሰር የሚባለው ማቅኛ ኬሚካል የፀጉሩን ጠንካራ ትስስር ለዘለቄታው ይቆርጣል። ጉም ቢመጣ ንቅንቅ አይልም። ለዚህ ነው ደሴ ውስጥ የሚወደደው፤ እኔም ለሦስት ዓመት ተጠቅሜያለሁ። ግን ሥሩ ሲበቅል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ መደገም አለበት።

ስለ ጉዳቱ በደንብ ላውራ። መድኃኒቱ እጅግ ጠንካራ አልካሊ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ አንዲት ሠራተኛ ቀብታኝ ስልክ ልታነሣ ወጣች። «እያቃጠለኝ ነው» ስላት «ትንሽ ቻይው፣ እንዲይዝ ነው» አለችኝ። ከጆሮዬ በላይ ቆስሎ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ እዚያ ቦታ ፀጉሬ እስከ ዛሬ ስስ ነው። ማቃጠል እየያዘ ነው ማለት አይደለም። ወዲያው ይታጠብ ማለት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች የ33,497 ሴቶችን መረጃ ይዘው አንድ ጥናት አሳተሙ። ፀጉር ማቅኛ ኬሚካል ጨርሶ ያልተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ነው። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ደግሞ 4.05 በመቶ። ጥናቱ ያሳየው ዝምድናውን ነው እንጂ ኬሚካሉ በቀጥታ ካንሰር አመጣ አላለም። እኔ ግን ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ተውኩት። ካልተውሽም በየሦስት ወሩ አድርጊው፣ የበቀለው ሥር ብቻ ይቀባ፣ ራስሽን አክከሽ ወይም ቆስለሽ በዚያው ሳምንት አትሂጂ።

*ረዘም ያለ ቦብ*

ትከሻ ጋ ጠጋ ብሎ የሚያልቅ ነው። ድፍረቱ ለጎደላት የመጀመሪያ እርምጃ ይህ ነው። በላስቲክ ይታሰራል፣ ሂጃብ ሥር ይቀመጣል፣ ካልወደድሽው ቶሎ ያድጋል። ስስ ፀጉር ላይም ሞላ ብሎ ይታያል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ካላቀናሽው ወይም ካልጠቀለልሽው ቦብ አይመስልም።

*በተፈጥሮው የተቆረጠ ቦብ*

ያዢልኝ ያልኩሽ ይህን ነው። ከርዳዳው ወይም ጥቅልሉ ሳይቀና፣ ደርቆ ባለበት ቅርጽ ይቆረጣል። ቆራጯ ፀጉሩን በጣቷ ትንሽ ትንሽ እያነሣች፣ አንዱን ጥቅል ቆርጣ ትለቀዋለች፤ የት ላይ እንደሚቆም አይታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ከውስጥ በደረጃ ካልተቀነሰ ያ ሦስት ማዕዘን ይመጣል። በደንብ ከተቆረጠ ግን ጭንቅላትሽን ተከትሎ ክብ ይሆናል።

ካፊያው ቢመታሽ ምን ያመጣል? ትንሽ ይሰበሰባል እንጂ አይበላሽም። ጠዋት ውሃ ትረጪበታለሽ፣ ክሬም ትቀቢዋለሽ፣ በጣትሽ ትከፋፍይዋለሽ። ማታ በሰፋፊው ትጎነጉኚውና ሐር መሰል ሻሽ ታስሪያለሽ። ለጋ ቅቤም ይስማማዋል፤ ግን ሳይታጠብ በፊት ባለው ቀን ይሁን። ደሴ ብርድ ላይ ቅቤው ፀጉሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ካስክ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ ካልቀለጠ አይጠቅምም።

ችግሩ ቆራጭ ማግኘት ነው። ስልክ ደውለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፤ «ፀጉሬን ሳታቀኚ ትቆርጪልኛለሽ?» «መጀመሪያ ፎን እናድርገው» ካለችሽ አመስግነሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። እኔ ሦስተኛዋ ላይ ነው ያገኘሁት። አሁን የማደርገው ይህን ነው፤ ለደሴ ከሁሉም የምመርጠውም እሱን ነው።

*ክርክም*

በመቀስ ወይም በቶንዶስ እስከ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ለኮምቦልቻ ሙቀት ከዚህ የሚሻል የለም። ሂጃብ ለምትለብስም አንደኛ ነው፤ አይሾልክም፣ ከታጠበ ቶሎ ይደርቃል። በሪላክሰር የተጎዳ ፀጉር ላላት ደግሞ አዲስ መጀመሪያ ነው። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ይስተካከላል፤ ቁርጡ ግን ርካሽ ነው። ቶንዶሱ ከአንቺ በፊት ማን ላይ እንደነበር አታውቂምና በአልኮል ሲጠረግ ካላየሽ አትቀመጪ፤ ጭርት የሚተላለፈው እንዲህ ነው። ደሴ ላይ ማጅራትሽ ይበርደዋል፣ ስካርፍ ያዢ። እናትሽንም አስቀድመሽ ንገሪያት።

*አጭር ሹሩባ ወይም ዊግ*

ሳይቆረጡ ቦብ መሞከሪያ ናቸው። በአርቲፊሻል ፀጉር ተሠርቶ አገጭ ላይ የሚያልቅ ቀጭን ሹሩባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ሲሠራሽ ካመመሽ ወይም ሥሩ ላይ ብጉር የሚመስል ከወጣ ጠብቋል፤ ይላላልሽ። የፊት መስመሩ የሚሸሸው እንደዚያ ነው። ደሴ ላይ ሹሩባ ከታጠበ ለመድረቅ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ እርጥቡን አስረሽ ከተኛሽ ይሸታል። ዊግ ለሠርግና ለፎቶ ይሆናል። ኮምቦልቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ማድረግ ግን ይጨንቃል።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | የሚስማማው ፀጉር | ጉምና ካፊያ | ሙቀትና ላብ | ሂጃብ/ሻሽ | በዓመት ፀጉር ቤት | መመለሻው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| በሙቀት የቀና ቦብ | ዞማ፣ ለስላሳ | አይችልም | አይችልም | ይሾልካል | እስከ 52 (ዞማ ከሆነ 6–8) | 8–10 ወር |
| በሪላክሰር የቀና | ከርዳዳ፣ ጤነኛ የራስ ቆዳ | ይችላል | ይችላል | ይሾልካል | 4–6 ለመድኃኒቱ፣ ሲደመር ቁርጥ | ኬሚካሉ ተቆርጦ እስኪያልቅ |
| ረዘም ያለ ቦብ | ሁሉም፣ በተለይ ስስ | መካከለኛ | ይታሰራል | ይመቻል | 4–6 | ቀላል |
| በተፈጥሮው | ጥቅልል፣ ከርዳዳ | ይችላል | ይችላል | ሲሸፈን ይተኛል፣ በውሃ ይነሣል | 3–4 | 8–10 ወር |
| ክርክም | ሁሉም | ይችላል | በጣም ጥሩ | በጣም ይመቻል | 9–13 | ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ |
| ሹሩባ/ዊግ | ሁሉም፣ ሥሩ ያልሳሳ | ሹሩባው ይችላል | ዊግ ያስቸግራል | ቀጭን ሹሩባ ይመቻል | 9–13 ለሹሩባ | ወዲያው |

ለማን የትኛው

ተማሪ ከሆንሽና ገንዘቡ ካጠረሽ፣ በተፈጥሮው አስቆርጪ ወይም ክርክም ሁኚ። ሌላው ሁሉ ኪስሽን ይበላል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሪ ከሆነ ወይ የሚታሰር ወይ ክርክም። ፀጉር ማሽን አጠገብ መንጠልጠል የለበትም። የአንደኛው ጦርነት ዘመን ሴቶች ያሳጠሩትም ለዚሁ ነው።

ቢሮ ደሴ፣ ቤት ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ላብ አለብሽ። በሙቀት የቀና ፀጉር ሁለቱንም አያልፍም። በተፈጥሮው ይሁን።

ሙሽራ ከሆንሽ ከሠርጉ በፊት አትቆረጪ። ለአንድ ቀን ቦብ ካማረሽ ዊግ አድርጊ፤ ቁርጡን ከመልስ በኋላ ታስቢበታለሽ።

ከወለድሽ ገና ጥቂት ወር ከሆነና ፀጉርሽ እየረገፈ ከሆነ፣ አብሽሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ረዘም ያለው ቦብ መሳሳቱን ይሸፍንልሻል። በዚህ ጊዜ ሪላክሰርም ጠበቅ ያለ ሹሩባም ይቅርብሽ።

በሪላክሰር ቆይተሽ ወደ ተፈጥሮሽ መመለስ ከፈለግሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክርክም ብሎ መገላገል ነው። ሌላው ስድስት ሰባት ወር እያሳደጉ የቀናውን ጫፍ ቀስ በቀስ መቁረጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጬ በቀናውና በከርዳዳው መገናኛ ላይ ፀጉሬ ሲበጠስ ከረመ። እንደገና ቢሆን ክርክም እል ነበር።

ወንበሩ ላይ

«አጭር አድርጊልኝ» አትበዪ። የእሷ አጭርና ያንቺ አጭር ይለያያል። በጣትሽ ቦታውን አሳዪ፤ «ሲደርቅ እዚህ ይቁም»። ፎቶ የምታሳዪ ከሆነ ያንቺን ዓይነት ፀጉር ያላት ሴት ትሁን። የመጀመሪያው ቁርጥ ማጅራት ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነውና ያኔ አንገትሽን ደፋ አድርገሽ አትንቀሳቀሺ፣ ስልክም አታንሺ። መጀመሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር አስረዝማ እንድትቆርጥ ለምኚያት። መቀነስ ምንጊዜም ይቻላል።

ስትጨርስ ቁሚ። ቁጭ ብለሽና ቆመሽ ትከሻሽ አንድ ቦታ አይደለም። ሁለተኛ መስታወት ከኋላሽ እንድትይዝልሽ ጠይቂያት፣ ግራና ቀኙን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ አገጭሽ ሳቢ። ጫፎቹ እኩል ካልተገናኙ ፎጣውን ከትከሻሽ አታውርጂ።